ሰርቨሩ ሲዘገይ ክላየንቱን አትቅጡት፦ ለአንድ የኤንኤፍኤስ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሲስተም አድሚኖች መካከል እየተዘዋወረ ያለ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አነበብኩ። ሊኑክስ ላይ ያለ የኤንኤፍኤስ ክላየንት ስታክ ሲያደርግ (ቀጥ ብሎ ሲቆም) ምን እንደሚደረግ የሚመክር ነው። ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ላይ ያለን ፎልደር በኔትወርክ እንደ ራስ ፎልደር መጠቀሚያ ዘዴ ነው፤ ተጠቃሚው ማሽን ክላየንት፣ ፎልደሩን ማገናኘቱ ደግሞ ማውንት ይባላል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ብዙ የለንምና በቅድሚያ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። አገላለጻቸው ግልጽ ነው። ሥራ ቆሞበት የተጨነቀ ሰው በእኩለ ሌሊት ቢያነበውም ይገባዋል።

የምቃወመው ምክሩን ነው። አብዛኛው ምክር ችግሩን ትቶ ምልክቱን ያጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ ፋይል ያበላሻል፤ ያውም ድምፅ ሳያሰማ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ይኸው። ክላየንቱ እንዳይቆም በሶፍት ማውንት አድርጉ ይላል። ከቆመ ፕሮሰሱን (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም) ግደሉ፣ እምቢ ካለ ማሽኑን ሪቡት አድርጉ። ሰርቨሩ መኖሩን በፒንግና በሾውማውንት አረጋግጡ። ቀርፋፋ ከሆነ ዳታ የሚላክበትን ዘዴ ከቲሲፒ ወደ ዩዲፒ ቀይሩ፣ የአንድ ጊዜ የንባብና የጽሕፈት መጠኑንም ወደ 8192 ባይት አውርዱ። ፐርሚሽን ከከለከለ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ) ስጡ፤ ካልሆነም ሰርቨሩ ላይ ኖ-ሩት-ስኳሽ ጨምሩ። የቆየ ይዘት ካሳየ ኖ-ኤሲ፣ ሎክ (ሁለት ሰው አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍበት መቆለፊያው) ላይ ከቆመ ኖ-ሎክ። ስሙ በነጥብ ጀምሮ ኤንኤፍኤስ ብሎ የሚቀጥል ፋይል ካያችሁ አጥፉት። ይህ ሁሉ ካልሠራ የሰርቨሩን ሰርቪስ ሪስታርት አድርጉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሣ የሚደረጉት ማውንቶች የተዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ኖ-ፌይል፣ ማለትም ማውንቱ ባይሳካም ማሽኑ ይነሣ የሚለውን፣ መጨመር አትርሱ ይላል።

ተራ በተራ እንሂድ።

ሶፍት ወይስ ሃርድ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የጽሑፉ ዋና ምክር ይኸው ነውና።

ኤንኤፍኤስ በ1984 እ.ኤ.አ. ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር ታስቦበት ነበር። ሰርቨሩ ወድቆ ቢነሣ ክላየንቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥል የሚል ነው። ስለዚህ እስከ ሦስተኛው ቨርዥን ድረስ ሰርቨሩ ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተ አያስታውስም። መልስ ያጣ ክላየንት ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል። አሁንም መልስ ካጣ አሁንም ይልካል። ሃርድ ማውንት የሚባለው ይህ ነው፤ ምንም ካልነካችሁት ሊኑክስ የሚጠቀመውም እሱኑ ነው።

ሶፍት ማውንት ግን የተወሰነ ጊዜ ይሞክርና ተስፋ ይቆርጣል። ለፕሮግራሙም የኢንፑት-አውትፑት ኤረር ይመልስለታል። ላይ ላዩን ሲታይ ደስ ይላል። የሚቆም ነገር የለም፤ ስህተት ይመጣል፣ ሰውየው ያየዋል፣ ያስተካክላል።

ችግሩ ሰውየው አያየውም። ፕሮግራም ፋይል ሲጽፍ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ፕሮግራሙ «ጻፍ» ሲል ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዳታውን ክላየንቱ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጥና ወዲያው «እሺ፣ ተጽፏል» ይለዋል። ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ቆየት ብሎ ነው። በዚያ ጊዜ ሰርቨሩ ቢዘገይና ሶፍት ማውንቱ ተስፋ ቢቆርጥ ስህተቱ ለማን ይነገር? ፕሮግራሙ «እሺ» ተብሎ አልፏል። ስህተቱ የሚደርሰው ፕሮግራሙ ኤፍሲንክ (ዳታው በእርግጥ መጻፉን አረጋግጥልኝ የሚለውን ትእዛዝ) ሲጠራ ወይም ፋይሉን ሲዘጋ ነው። ብዙ ፕሮግራም ግን ኤፍሲንክ አይጠራም፤ ፋይሉን ሲዘጋም የመጣለትን መልስ ዞር ብሎ አያየውም። ውጤቱ መሐሉ የጎደለ ፋይል ነው። ስክሪፕቱ ግን በሰላም ጨርሻለሁ ይላል። ባክአፑ ተበላሽቶ እንደነበር የምታውቁት ልትመልሱት የፈለጋችሁ ቀን ነው።

ጸሐፊው በዚህ ላይ ታይሚዮን (መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ) 10፣ ሪትራንስን (ድጋሚ የሚሞከርበትን ብዛት) 1 አድርጉ ብለዋል። 10 ሲሉ 10 ሰከንድ ማለታቸው ይመስለኛል። ታይሚዮ የሚቆጠረው ግን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ 10 ማለት አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። በቲሲፒ ላይ ያለው የተለመደው ቁጥር 600 ነው፤ ማለትም 60 ሰከንድ። አንድ ሰከንድ ለተጨናነቀ ሰርቨር ምን ያደርግለታል? ተኝቶ የነበረ ሃርድ ዲስክ መዞር እስኪጀምር ብቻ ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ ቁጥር ጤነኛ ሰርቨር ሁሉ የሞተ ይመስላል።

ሶፍት ፈጽሞ አይነካ ማለቴ አይደለም። የሚነበብ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሶፍትዌር መጫኛ ፋይሎች የተቀመጡበት ፎልደር ከሆነ፣ ይሁን። የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን አይሆንም። መቆሙ ጥፋት አይደለም። ክላየንቱ ዳታችሁን ይዞ እየጠበቀ ነው።

እና ሲቆም ምን እናድርግ? ጽሑፉ ውስጥ ያላየሁት ነገር የከርነሉን መልእክት ማንበብ ነው። ዲሜሴጅን ክፈቱ። ሰርቨሩ መልስ እየሰጠ አይደለም፣ አሁንም እየሞከርኩ ነው የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ሰርቨሩ ሲመለስ ደግሞ ስሙን ጠርቶ ኦኬ የሚል ሌላ መስመር ይከተላል። የሁለቱን ሰዓት አስተያዩ። በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጀምሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኦኬ የሚል ከሆነ ክላየንቱ ላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ሂዱና በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ላይ የሚነሣው ባክአፕ ምን እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ ጊዜ የክላየንቱን ኦፕሽን መነካካት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ግደለው፣ ካልሞተ ሪቡት

ጽሑፉ ፕሮሰሱ ዲ የሚባለው ስቴት (መልስ እየጠበቀ የቆመበት ሁኔታ) ውስጥ ከገባ ኪል 9 የሚባለው የግዴታ መግደያ ትእዛዝ እንኳ አይነካውም ይላል። ስለዚህ ሪቡት ብቻ ነው መፍትሔው ብሎ ይደመድማል። ቀድሞ ልክ ነበር። ከከርነል 2.6.25 ወዲህ ግን፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኤንኤፍኤስን እየጠበቀ ያለ ፕሮሰስ በኪል 9 ሊቋረጥ ይችላል። በኮንትሮል ሲ አይቋረጥም፤ በኪል 9 ግን ይቋረጣል። ጸሐፊው በተጨማሪ ማውንት ሲደረግ ኢንትር የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩ ብለዋል። ከዚያው ከርነል ጀምሮ ኢንትር ምንም አይሠራም። ከርነሉ አይቶ ያልፈዋል። በየሰው ኤፍኤስታብ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ተቀምጧል፤ ማንም ከማንም እየገለበጠ።

ዲኤፍ መቆሙን ማሽኑ እንደ ሞተ ምልክት መውሰዳቸውም ልክ አይደለም። ዲኤፍ ማውንት የተደረገውን ሁሉ እየዞረ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ይጠይቃል። አንዱ ኤንኤፍኤስ ዝም ካለ ዲኤፍም እዚያው ይቀራል። ኤል የሚለውን ፍላግ ስትጨምሩበት እዚያው ማሽን ላይ ያሉትን ዲስኮች ብቻ ይጠይቅና ይመለሳል። ማውንት የተደረገውን ዝርዝር ለማየት ደግሞ ፕሮክ ውስጥ ያለውን ማውንትስ የሚባል ፋይል አንብቡ። እሱ ሰርቨሩን አይጠይቅም፤ ስለዚህ አይቆምም። ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስም እንዲሁ ነው። ብዙ ማሽን ላይ ኤልኤስ በቀለም እንዲያሳይ ተደርጎ ተቀምጧል። ቀለም ለመምረጥ የእያንዳንዱን ፋይል ሁኔታ ይጠይቃል፤ የሞተው ማውንት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ማውንቱን የያዘው ፎልደር ውስጥ ከሆናችሁ ቀለሙን አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመልሳል።

ሪቡት ራሱ ችግር አለበት። ሜሞሪ ውስጥ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ ለመሄድ ወረፋ የያዘ ዳታ ካለ አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ ሲዘጋ ደግሞ ያንኑ ዝም ያለ ማውንት ልፍታ ብሎ ሊቆም ይችላል። መጨረሻ ላይ ኃይሉን መንቀል ይመጣል።

በቅድሚያ ሰርቨሩ እንዲመለስ ሞክሩ። ሰርቨሩ እንደማይመለስ እርግጠኛ ከሆናችሁ ፕሮሰሶቹን በኪል 9 ግደሉ፣ ከዚያ ዩማውንትን (ማውንት መፍቻውን ትእዛዝ) በፎርስ። እምቢ ካለ በሌዚ። ሌዚ ግን ማውንቱን ከዓይን ያርቀዋል እንጂ ውስጥ ያሉትን ፕሮሰሶች አያላቅቃቸውም። ሌዚ አድርጎ ችግሩ ተፈታ ብሎ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ሰው አለ።

ፒንግ መለሰ፣ ሾውማውንት አልመለሰም

ፒንግ የሚነግራችሁ ማሽኑ እንዳለ ብቻ ነው። ኤንኤፍኤስ ስለመኖሩ ምንም አይልም። መሞከር ያለበት ኤንኤፍኤስ የሚጠቀምበት የቲሲፒ ፖርት 2049 ነው።

ሾውማውንት ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ሰውን በሌለ መንገድ ይመራል። ጽሑፉ ሾውማውንት ኤረር ከሰጠ ሰርቨሩ አልተነሣም ይላል። ሾውማውንት የሚያነጋግረው ማውንትዲ የሚባለውን የቨርዥን 3 አገልግሎት ነው። ቨርዥን 3 ፖርት 111 ላይ ያለውን አርፒሲባይንድ፣ ማውንትዲን፣ የሎክ አገልግሎቶቹን ሁሉ ይፈልጋል። ቨርዥን 4 ግን 2049 ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ቨርዥን 4 ብቻ የሚሰጥ ሰርቨር ወይም 2049ን ብቻ የከፈተ ፋየርዎል ካለ ሾውማውንት ይወድቃል፤ ማውንቱ ግን ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ማውንት የሚለውን ትእዛዝ ራሱን በዝርዝር አሳየኝ ብላችሁ ብትጠሩት የተሻለ ነው። የትኛውን ቨርዥን እንደሞከረና ምን እንደተመለሰለት ይነግራችኋል።

ማክ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያለው የተለመደ አሠራር ጥያቄው ከ1024 በታች ካለ ፖርት እንዲመጣ ይጠይቃል። ማክ ደግሞ ሳይነገረው እንዲህ አያደርግም። ውጤቱ አይፈቀድም የሚል መልስ ነው። ሬስቭፖርት የሚለውን ኦፕሽን ስትጨምሩ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ብቻ የሰርቨሩን ኤክስፖርት (ፎልደሩን ለማን እንደሚያካፍል የተጻፈበትን) ደጋግመው የሚያፈርሱ ሰዎች አሉ።

ቀርፋፋ ከሆነ ዩዲፒ?

ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድሮ ቲሲፒ ለማሽኑ ከባድ ነበር፤ ዩዲፒ ይፈጥን ነበር። 8192 የሚለው ቁጥርም የሁለተኛው ቨርዥን ጣሪያ ነው። ሁለተኛው ቨርዥን በ1989 እ.ኤ.አ. በሰነድ የወጣ ነው። ዛሬ ክላየንቱና ሰርቨሩ ራሳቸው ተነጋግረው ሁለቱም የሚችሉትን ትልቁን መጠን ይመርጣሉ፤ ሊኑክስ ላይ እስከ 1048576 ባይት ይደርሳል። ይህን ወደ 8192 ማውረድ በአንድ ጥያቄ የሚያልቀውን ሥራ 128 ጥያቄ ማድረግ ነው።

ዩዲፒ ደግሞ ከመቀርፈፍ የባሰ ነገር ያመጣል። ትልቅ የዩዲፒ መልእክት በመንገድ ላይ ተቆራርጦ ይሄዳል። ቁራጮቹ የሚታወቁበት ቁጥር 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ65536 በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል። በጊጋቢት ኔትወርክ ላይ ይህ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። አንድ ቁራጭ መንገድ ላይ ከጠፋ የሌላ መልእክት ቁራጭ በቦታው ሊገጠም ይችላል። ስህተት የሚያጣራው ቼክሰምም ደካማ ስለሆነ አንዳንዱን አይይዘውም። ፋይሉ ውስጥ የሌላ ፋይል ዳታ ገባ ማለት ነው። ለዚህ ነው ከከርነል 5.6 ጀምሮ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በዩዲፒ ማውንት ማድረግ ካልተከፈተ በቀር የተዘጋው። ስለዚህ ምክሩን አዲስ ማሽን ላይ ብትሞክሩት ማውንቱ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። እንኳንም አልሠራ።

መቀርፈፍን መመርመር የሚጀመረው ከመለካት ነው። ኤንኤፍኤስ-አይኦስታት የሚባል መሣሪያ አለ። ሁለት ቁጥሮቹን ተመልከቱ። አርቲቲ የሚለው ጥያቄው ከክላየንቱ ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ያሳያል። ኤግዚ የሚለው ደግሞ ክላየንቱ ውስጥ ወረፋ የጠበቀበትን ጨምሮ ጠቅላላውን ነው። አርቲቲ አንድ ሚሊሰከንድ፣ ኤግዚ 200 ቢሆን ሰርቨሩ ፈጣን ነው፤ ጥያቄዎቹ ክላየንቱ ውስጥ ተሰልፈዋል ማለት ነው። ያኔ ኤንኮኔክት የሚለውን ኦፕሽን መሞከር ይቻላል። ከከርነል 5.3 ጀምሮ አለ፤ ለአንድ ሰርቨር እስከ 16 የቲሲፒ መስመር ይከፍታል። አርቲቲ ራሱ 200 ከሆነ ግን ክላየንቱን ተዉት። ወይ መንገዱ ነው ወይ የሰርቨሩ ዲስክ።

አንድ መልክ ያለው ችግር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው «ቀርፋፋ» የሚለው እሱን ነው። ማውንቱ ይሳካል። ትንሽ ፎልደር ውስጥ ኤልኤስ ይሠራል። ብዙ ፋይል ያለበት ፎልደር ውስጥ ግን ይቆማል። ትንሽ ፋይል ይነበባል፤ ትልቁ አይነበብም። ይህን ስታዩ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) አስቡ። አንድ ሰው ሰርቨሩንና ክላየንቱን 9000 አድርጎ መሐል ያለውን ስዊች 1500 ላይ ትቶታል። ትንሿ ፓኬት ታልፋለች፤ ትልቁ መንገድ ላይ ይቀራል። ማረጋገጫው ያ የተናቀው ፒንግ ነው፤ ግን ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ተደርጎና መጠኑ ተወስኖ። በ8972 ባይት ላኩ። 28ቱ ለሄደሩ ሲጨመርበት 9000 ይሆናል። ካልተመለሰ በ1472 ሞክሩ፤ ይህኛው ከሄደሩ ጋር 1500 ነው። ሁለተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ካልተመለሰ ስዊቹን ወደሚያስተዳድረው ሰው ሂዱ። እሱ ምንም አልነካሁም ማለቱ አይቀርም።

777 እና ኖ-ሩት-ስኳሽ

ይህን ምክር ሳነብ ቡናዬ ሊደፋ ነበር። 777 ማለት ያንን ኔትወርክ የነካ ሁሉ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያጥፋ ማለት ነው። የሚገርመው የችግሩን ምንጭም አይነካውም።

በተለመደው አሠራር ክላየንቱ ለሰርቨሩ የሚልከው የሰውየውን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው። አልማዝ አንዱ ማሽን ላይ 1001 ሆና፣ ሌላው ማሽን ላይ 1001 ከበደ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ ያያቸዋል። አልማዝ የጻፈችውን ከበደ ያጠፋዋል። መፍትሔው ቁጥሮቹን በሁሉም ማሽን አንድ ማድረግ ነው። ማሽኖቹ ጥቂት ከሆኑ በእጅ፤ ብዙ ከሆኑ ኤልዳፕ በሚባለው የተጠቃሚዎች ማዕከላዊ መዝገብ።

ፋይሎቹ ሁሉ ኖባዲ በሚባል ሰው ስም ከታዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቨርዥን 4 ስምን ከዶሜን ጋር አያይዞ ሊልክ ይችላል። ክላየንቱና ሰርቨሩ አይዲማፕዲ (ስምን ከቁጥር የሚያዛምደው ፕሮግራም) ውስጥ የተጻፈላቸው ዶሜን ካልተመሳሰለ ሁሉም ሰው ኖባዲ ይሆናል። ዶሜኑን አስተካክሉ። ከዚያ ኤንኤፍኤስ-አይዲማፕን ካሹን እንዲያጸዳ እዘዙት፤ አለዚያ አሮጌውን መልስ ይዞ ይቆይና ያስተካከላችሁት ያልሠራ ይመስላችኋል።

ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የጻፈው ብቻ ኖባዲ ከሆነ ይህ ስህተት አይደለም። ሩት ስኳሽ የሚባለው ጥበቃ ሥራውን እየሠራ ነው። የክላየንቱ ሩት ሰርቨሩ ላይ 65534 ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ማንሣት ማለት የእያንዳንዱ ክላየንት ሩት የሰርቨሩ ፋይሎች ሩት ይሆናል ማለት ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሩት የሆነ ተማሪ የሩት ንብረት የሆነና ሴትዩአይዲ የተደረገ (ማንም ቢያስነሣው በባለቤቱ ሥልጣን የሚሠራ) ፕሮግራም እዚያ ፎልደር ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በሌላ ማሽን እንደ ተራ ተጠቃሚ ገብቶ ያስነሣዋል። ሩት ሆነ። ሴትዩአይዲን በሚከለክለው ኖ-ሱዩአይዲ ማውንት ካልተደረገ የሚያቆመው የለም።

ጽሑፉ ያልጠቀሰው፣ ግን ሰውን ክፉኛ የሚያደናግር ሌላ ነገር አለ። አንዲት ሠራተኛ ፎልደሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው ግሩፕ ውስጥ አለች። አይዲ ብላ ስትጠይቅ ግሩፑ ይታያል። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ስትገባ ይከፈትላታል። በኤንኤፍኤስ ግን አይፈቀድም ትባላለች። ግሩፖቿን ቁጠሩ። በተለመደው የማረጋገጫ ዘዴ አንድ ጥያቄ ይዞ የሚሄደው 16 ተጨማሪ ግሩፕ ብቻ ነው። የተረፈው ይቆረጣል። ግሩፕ በየፕሮጀክቱ በሚከፈትበት መሥሪያ ቤት 16 ማለፍ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ላይ ማውንትዲን ማኔጅ-ጂድስ በሚለው ኦፕሽን ስታስነሡት ሰርቨሩ ግሩፖቹን ራሱ ይፈልጋል። 777 አላስፈለገም።

ኖ-ኤሲ፣ ኖ-ሎክ እና የተደበቁት ፋይሎች

ክላየንቱ የፋይልን መጠንና ሰዓት ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። ለፋይል ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ ለፎልደር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። ሌላ ማሽን ላይ የተለወጠ ነገር ዘግይቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ኖ-ኤሲ ይህን ሁሉ ያጠፋል። ግን የሚጻፈውን ነገር ሁሉ ሰርቨሩ እስኪያረጋግጥ እየጠበቀ እንዲጻፍ ያደርጋል። ሲስተሙ ይንፏቀቃል። ከዚያ ጽሑፉ ቀርፋፋ ከሆነ ወደሚለው ምክር ይመልሳችኋል። አዲስ የተፈጠረ ፋይል አልታይ ማለቱ ብቻ ከሆነ ችግራችሁ፣ ሉካፕካሽን ፖዚቲቭ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያን ጊዜ ክላየንቱ «የለም» የሚለውን መልስ ይዞ አይቆይም።

ኖ-ሎክ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ሎኩ እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሁለት ማሽኖች አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ እኔ ነኝ የያዝኩት ብለው ይጽፉበታል። ያውም የሚሠራው ለቨርዥን 3 ነው።

በነጥብ ጀምረው ኤንኤፍኤስ ብለው የሚቀጥሉት ፋይሎች ደግሞ ቆሻሻ አይደሉም። አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ እያለ ሌላው ሲያጠፋው ክላየንቱ ስሙን ለውጦ ያቆየዋል፤ የከፈተው ፕሮግራም እንዳይጎዳ። ማን እንደያዘው በኤልሶፍ ፈልጉ፤ እሱ ሲዘጋ ራሱ ይጠፋል።

ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ

አንድ ክላየንት ስለቆመ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ የቀሩትን ሁሉ ማስቆም ነው። ቨርዥን 4 ላይ ሰርቨሩ ሲነሣ ግሬስ ፒሪየድ የሚባል ጊዜ አለ፤ የተለመደው 90 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ አሮጌ ክላየንቶች የነበራቸውን ሎክ መልሰው ይይዛሉ፤ አዲስ ፋይል ልክፈት ያለ ይጠብቃል። አድሚኑ ይህን አያውቅም እንበል። አንድ ደቂቃ ጠብቆ፣ አልሠራም ብሎ፣ እንደገና ሪስታርት ያደርጋል። ቆጠራውም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አንድ ክላየንት ብቻ እየደጋገመ ሎክ የሚያጣ ከሆነ ግን ስሙን እዩ። ቨርዥን 4 ክላየንቶችን የሚለየው በዋናነት በሆስትኔም ነው። የኮምፒውተር ላብ ስታዘጋጁ አንዱን ማሽን ክሎን አድርጋችሁ ሠላሳው ላይ ጭናችሁ ስሙን ሳትቀይሩ ከተዋችሁት፣ ሰርቨሩ ሠላሳውን እንደ አንድ ክላየንት ሊቆጥራቸው ይችላል። አንዱ ሲነሣ የሌላውን ሎክ ያፈርሳል። ስማቸውን ለዩ። መለየት ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ኤንኤፍኤስ4-ዩኒክ-አይዲ የሚባለውን ስጡት።

ስቴል ፋይል ሃንድል የሚለው ኤረር ሲመጣም ሪስታርት አያስፈልግም። ክላየንቱ የያዘው ፋይል ወይም ፎልደር ሰርቨሩ ላይ በዚያ ማንነቱ የለም ማለት ነው። ወይ ተሰርዞ ነው፣ ወይ ሰርቨሩ ላይ ዲስኩ ተቀይሮ ነው። ከፎልደሩ ውጡና እንደገና ግቡ። ካልሆነ ያንን ማውንት ብቻ ፈትታችሁ መልሱት።

ኖ-ፌይል ላይ እንስማማለን፣ በግማሽ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ይነሣል። ክላየንቱ በኤስኤስዲ ቶሎ ይነሣል፤ ሰርቨሩ ዲስኮቹን እየፈተሸ ገና ነው። ኖ-ፌይል ከሌለ ክላየንቱ ማውንቱን እየጠበቀ መነሣቱ ሊዘገይ ይችላል። መብራት በየጊዜው የሚቆራረጥበት ቦታ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኖ-ፌይል ብቻውን ማሽኑን ያስነሣል እንጂ ማውንቱን በኋላ መልሶ አይሞክርም። ኔትዴቭን (ይህ ማውንት ኔትወርክ ይፈልጋል የሚለውን ኦፕሽን) ጨምሩ፤ ከዚያ የሲስተምዲን አውቶማውንት ተጠቀሙ። ሰው ፎልደሩን በከፈተ ሰዓት ያኔ ማውንት ይደረጋል። ሰርቨሩም እስከዚያ ይደርሳል።

ሁለተኛው ይበልጥ ይጎዳል። ኖ-ፌይል ብቻ ሆኖ ማውንቱ ሳይሳካ ቢቀር ፎልደሩ ባዶ ሆኖ እዚያው አለ። የማታው የባክአፕ ስክሪፕት መጥቶ በዚያ ፎልደር ውስጥ ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ክላየንቱ ራሱ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ይሞላል፣ ማሽኑ ይቆማል። ጠዋት አንድ ሰው ማውንቱን ሲመልሰው ደግሞ የሌሊቱ ፋይሎች ከሥሩ ተሸፍነው ይቀራሉ፤ ዲስኩ ሙሉ ነው፣ የሞላው ነገር ግን አይታይም። ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ማውንትፖይንት በሚለው ትእዛዝ ቦታው በእርግጥ ማውንት መደረጉን ይጠይቅ፤ ካልሆነ ኤረር ሰጥቶ ይውጣ። ከዚያም በላይ መሄድ ከፈለጋችሁ ማውንቱ በሌለበት ሰዓት ባዶውን ፎልደር በቻትር አይ የሚለውን፣ አይለወጥ የሚል ምልክት ስጡት። ክላየንቱ ላይ ያለው ሩት እንኳ ምልክቱን ሳያነሣ አይጽፍበትም። ሰርቨሩ ማውንት ሲደረግበት ግን ምልክቱ ምንም አይከለክልም።